ፍሎረሰንስ ምንድን ነው? «ከበራ እውነተኛ ነው» ለሚሉ

ሰሞኑን አንዱ የሐሰት ብር መለያ መብራት ኪኒን ላይ አብርቶ፣ «ይኸው ሰማያዊ በራ፣ መድኃኒቱ እውነተኛ ነው» ሲል አየሁ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ የወረቀት ካርቶኑም እኮ ይበራል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላህም ይበራል፤ ነጭነትን የሚያጎላ ኬሚካል አለበታ!

በእኛ በጎንደር አዝማሪ ላስረዳ። «ተቀበል» ብለህ ስንኝ ትሰጠዋለህ፤ ተቀብሎ በራሱ ዜማ ይመልስልሃል። የወባ መድኃኒት የሆነው ኩዊኒንም በ350 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን የማይታይ ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌትን፣ ይቀበላል። ጥቂቱን ጉልበት በሙቀት ያጣና በ450 አካባቢ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ፍሎረሰንስ ማለት ይኸው ነው።

ጣጣው «ደምቆ ከበራ መድኃኒቱ ብዙ ነው» የሚለው ላይ ነው። አዝማሪ ሲጨመር ድምፁ ይጨምራል፤ ግን እስከ ልኩ ነው። ቤቱ ጢም ካለ በር ላይ ያሉት ስንኙን ይቀሙትና መሐል ላሉት አይደርስም። ብርሃኑን የሚለካው መሣሪያችን ደግሞ የሚያዳምጠው መሐሉን ነው። ስለዚህ የተሟሟው መድኃኒት ከልክ በላይ ሲወፍር ንባቡ ይወርዳል! ለዚህ ነው በጣም የምናቀጥነው። 300 ሚሊግራም ኩዊኒን ሰልፌት ያለበትን ኪኒን በአንድ ሊትር ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ አሟሙተን፣ እንደገና 300 እጥፍ እናቀጥነዋለን። በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም ሲደርስ ይለካል።

ለምን ሰልፈሪክ አሲድ? ለተማሪዎቼ አንድ ነገር አሳያለሁ። ሰማያዊ የሚያበራው ብልቃጥ ውስጥ ቆንጠር አድርጌ የወጥ ጨው እጨምራለሁ። ነቅነቅ ሳደርገው ብርሃኑ ይደበዝዛል። ኩዊኒኑ ግን አንዲት ቅንጣት አልጎደለም። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የአዝማሪውን አፍ ያዘው እንጂ። ክሎራይድ ያለበትን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የማንጠቀመውም ለዚሁ ነው።

ከሰዓት ላብራቶሪው ሲሞቅም ንባቡ ይቀንሳል። ኩቬቱን፣ ማለትም የሚለካው ፈሳሽ የሚገባበትን ትንሽ ጥርት ያለ ዕቃ፣ በጣት መንካትም ያበላሻል፤ አራቱም ጎኑ ጥርት ማለት አለበት። ንጽህናው የታወቀ ማነጻጸሪያ ኩዊኒን በዚያው አሲድ፣ በዚያው ሰዓት ካልተለካ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ደግሞ አለመብራቱ ሐሰተኛ አያሰኘውም። ፓራሲታሞል በውሃ ሲሟሟ እዚህ ግባ የሚባል ፍሎረሰንስ የለውም። እንዲህ ያለውን በዚህ መንገድ ለመለካት መጀመሪያ ከሌላ ኬሚካል ጋር አዋህደን እንዲያበራ እናደርገዋለን።

የተጠራጠርከው ኪኒን ካለ መብራቱን ተወውና ከነማሸጊያው ፋርማሲ ውሰደው። የምርት ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና ማሸጊያውን አትጣለው።