ውጅግራ በጣና ዳር፦ ስለ አሮጌ ጥቁር ባሩድ ጠመንጃዎች

ባሕር ዳር ላይ «የጥንት ጠመንጃ ሰብሳቢ ነኝ» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን ከከተማው ትንሽ ወጣ በሉ። በዘጌ፣ በመራዊ፣ ወይም ጣናን ዞራችሁ በደራና በፎገራ በኩል አንድ የቆየ ቤት ብትገቡ፣ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ጭስ የጠገበ ረጅም ጠመንጃ ልታዩ ትችላላችሁ። ባለቤቱን «ይተኩሳል እንዴ?» ብትሉት ይስቃል። «ጥይቱ ከየት ይመጣል ብለህ ነው!» የማን እንደነበረ ግን ሳትጠይቁት እስከ ሦስተኛ አያቱ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ሌላው ዓለም በገንዘብ ገዝቶ፣ ዘይት ቀብቶ በመስታወት ሳጥን የሚያስቀምጠውን እኛ በውርስ ነው ያገኘነው። ሰብሳቢ አንባልም፣ ስብስቡ ግን አለ።

መጀመሪያ ስለ ባሩዱ። የድሮው ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባል ጨው የሚሠራ ጥቁር ዱቄት ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በጠመንጃ የተዋጋ ሁሉ የተዋጋው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። በ1886 ደግሞ ፈረንሳይ በዚሁ ባሩድ የሚተኮሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ አወጣች፣ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሏት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀድሞው ሁሉ አሮጌ ዕቃ ሆኖ አረፈው። የአውሮፓ መጋዘኖች ማንም በማይፈልገው ጠመንጃ ተሞሉ። የእኛ ቤት ምሰሶ ላይ ያለው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ እነሱ የጣሉትን ነጋዴ ጭኖ አመጣው፣ የእኛ ሰዎችም ገዝተው ተዋጉበት።

የጥቁር ባሩድ ጠመንጃን በዓይን መለየት ከባድ አይደለም። አፈሙዙን እዩ። ያ ባሩድ ጥይቱን ያን ያህል ስለማያፈጥነው፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከእርሳሱ ክብደት ነበር፤ ስለዚህ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ስናድር የሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ 14.7 ሚሊ ሜትር፣ ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ደግሞ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ክላሽ 7.62 ነው፤ አስተያዩት። የስናድር አፈሙዝ ትንሿን ጣት ያስገባል ብል ማጋነን አይሆንም።

ጠመንጃ ጣና ዳር የደረሰው ግን ከውጅግራ ብዙ ቀድሞ ነው። በ1535 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብራሂም የወደቁበት ወይና ደጋ ከጣና ሩቅ አይደለም። ከዐፄ ገላውዴዎስ ጎን የተሰለፉት ፖርቱጋሎች የያዙት፣ ፈትሉ እየጨሰ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ጠመንጃ ነበር። በኢማሙም በኩል የቱርክ ነፍጠኞች ነበሩ። ያን ጠመንጃ ለመተኮስ ባሩዱን በአፈሙዝ ታፈሳለህ፣ እርሳሱን ትከታለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ፣ ፈትሉ እንዳልጠፋ ታያለህ፣ ከዚያ ብቻ ነው የምትተኩሰው። ዝናብ ከመጣ አለቀልህ። በኋላ ፈትሉ በባልጩት፣ ባልጩቱም ሲመታ እሳት በሚሰጥ ትንሽ ቆብ፣ በካፕሱል፣ ተተካ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም ላይ ጠመንጃው ገብቷል፤ የፈርዖን ሠራዊት ቀይ ባሕር ውስጥ ከነጠመንጃው ሲሰጥም የሣሉ ሠዓልያን አሉ። ፈርዖን ጠመንጃ ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሠዓሊው በዘመኑ ያየውን ነው ያስቀመጠው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ ከአንድ የቤተ መንግሥት ሰው ጋር በተኩስ ችሎታ ተከራከረ፣ ከዚያም በእርሳስ ፋንታ የሞራ ሻማ ጠመንጃው ላይ አጉርሶ ሦስት ጋሻ እንደበሳ፣ በሌላ ተኩስም የሾላ ገበታ እንደቀደደ ራሱ ጽፏል። ጉራ ይመስላል። ነገሩ ግን ይቻላል፤ ሻማ በዚያ ፍጥነት ሲወጣ ለመቅለጥ ጊዜ የለውም። እኔ የሚገርመኝ ሻማው ሳይሆን ጋሻቸውን ያበደሩት ሰዎች ናቸው።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስትሄዱ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ብረት ሰው እየጎተተ መቅደላ አደረሰው። በ1860 ዓ.ም. ግን እሮጌ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው የገጠሙት፣ ከኋላ የሚጎርስ ስናድር የታጠቀ የእንግሊዝ ጦር ነበር። ስናድር ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ዘመቻዎች አንዱ ይኸው የእኛው ነው። አንዱ ቆሞ ሲጠቀጥቅ ሌላው ተኝቶ ደጋግሞ ይተኩሳል፤ ውጤቱን ታውቁታላችሁ። እንግሊዞች ሲወጡ መንገድ ለከፈቱላቸው ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ ወደ 850 ጠመንጃና ጥቂት መድፍ ትተው ሄዱ።

በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ግብፆች መጡ። ጉንደትና ጉራ ላይ ተሸንፈው ሲመለሱ ሬሚንግተን ጠመንጃቸውን በገፍ ጥለው ነው። ሬሚንግተን ሲያዩት የዋህ የሚመስል ጠመንጃ ነው። መዶሻውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ከፊቱ ያለውን መዝጊያ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ታዞረዋለህ፣ ጥይቱን ትከታለህ፣ ትመልሰዋለህ፣ አለቀ። የሚሰበር ነገር ብዙም የለውም። ገበሬ እጅ ገብቶ መቶ ዓመት የኖረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጎጃምም ከዚህ አልቀረም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ሲማረኩ የጦሩ መሣሪያ አብሮ ሄደ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን የጎጃም ጦር አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ነበር። አድዋ ላይ የነበረው የጠመንጃ ዓይነት ዝርዝሩ አያልቅም፤ ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ፣ የሩሲያው በርዳን፣ ሁሉም የየራሱ ጥይት ያለው። ጥይት የሚያድለውን ሰው አስቡት እስቲ!

ከሁሉም ግን የእኛን ሰው ልብ የያዘው ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የተባለ መኮንን የሠራው የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። ስናድርም እንዲሁ የሰው ስም ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የጥይት መጋዘን የለውም፣ አንድ ጎራሽ ነው። እጀታውን ታነሳለህ፣ ትስባለህ፣ አንድ ጥይት ትከታለህ፣ ትዘጋለህ። ጥይቱ 25 ግራም እርሳስና ከ5 ግራም በላይ ባሩድ ይዞ በናስ ቀለህ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ጥይት በአገራችን ለተወሰነ ጊዜ እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ገበያ ላይ ሲመነዘር ኖሯል። ባዶ ቀለሁም አይጣልም ነበር፤ ካፕሱሉ ተቀይሮ፣ ባሩድ ተሞልቶ፣ እርሳስ ተተክሎበት እንደገና ይተኮሳል።

የአጎቴን ላሳያችሁ። ቤቱ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፣ ውጅግራው የቅድመ አያታችን ነው። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ስንሰበሰብ አውርዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። የመጀመሪያው የሚታየው አንገቱ ላይ ያለው ቆዳ ነው። ሰደፉና ቃታው የሚገናኙበት ቀጭኑ እንጨት አንድ ቀን ተሰንጥቆ ነበር፣ ጥሬ ቆዳ አርጥበው ጠቅልለው ሰፉት፣ ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት አጠበቀው። ዛሬም አይነቃነቅም። እንዲህ ያለውን ጥገና የውጭ ሰብሳቢዎች አይተው ወዲያው «ይሄ ኢትዮጵያ የነበረ ነው» ይላሉ። ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው በቅርብ ዓመታት አሜሪካ ገበያ ላይ የተሸጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ይህ ቆዳ ሰደፋቸው ላይ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ በፌደራል ሕጋቸው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ሰው በቀላሉ ይገዛዋል። የእኛ ሰው ላብ የተቀባ ቆዳ የሆነ ሰው ሳሎን ተሰቅሎ ማሰብ ትንሽ ይከነክናል፣ ግን ቢያንስ አልቀለጠም።

ሁለተኛው ነገር ያናድዳል። ከብረቱ በስተግራ በኩል ፋብሪካው፣ ከተማውና ሞዴሉ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የአጎቴ ላይ ግማሹ የለም። የአክስቴ ልጅ ለሠርግ እንዲያምር ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አጥፍቶታል! ልጁ ክፉ አላሰበም፣ ዝገት ነው የመሰለው። ግን የአንድ አሮጌ ጠመንጃ መታወቂያ ያ ጽሑፍና ቁጥሩ ነው፤ በርሜሉ ላይ የተመታው ዓመት፣ ፋብሪካው ሴንት ኤትየን ይሁን ቱል ወይስ ሻቴልሮ፣ የጠመንጃውና የመዝጊያው ቁጥር ይግጠም አይግጠም። እኔ እስካየሁት ድረስ በእኛ አካባቢ እነዚህን ጠመንጃዎች የሚያጠፋቸው ዝገት ብቻ አይደለም፣ ማሳመርም ነው። ቀይ ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ቀስ ብሎ ማንሳት ይበቃል። ጥቁሩን አትንኩት። ቫርኒሽ ደግሞ ይቅር።

መተኮሱስ? ውጭ አገር በእነዚህ ጠመንጃዎች የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፣ ዓለም አቀፍ ውድድርም አለው። በአፈሙዝ በሚጎርሱት ውድድር ደንቡ ደስ ይላል፦ በ30 ደቂቃ 13 ጥይት ይተኮሳል፣ ምርጡ 10 ይቆጠራል። አንደኛው ውድድር ሚኒዬ ይባላል፣ በወታደር ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ ነው። ተኳሹ ባሩዱን መዝኖ ነው የሚመጣው። ቃታው ሲሳብ እንደ ክላሽ ጯ አይልም፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ትከሻንም ከመምታት ይልቅ ይገፋል። ከዚያ ነጭ ጭስ ፊቱን ይሸፍነዋል፣ ኢላማውን መታ አልመታ የሚያየው ጭሱ ሲገለጥ ነው። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ በርሜሉ በጥላሸት ይጠባል፣ እርሳሱ አልገባም ይላል። ማታ ሥራው ይጀምራል። ጥላሸቱ እርጥበት የሚስብ ጨው ስላለበት፣ ሳይታጠብ ካደረ ብረቱን ይበላዋል፤ መድኃኒቱ ፍል ውሃ ነው፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ብዙዎቹ የሐይቁ ዳር ጠመንጃዎች በርሜላቸው ውስጡ የተቦረቦረው ምናልባት አንድ ጊዜ ተተኩሰው ሳይታጠቡ ስለተሰቀሉ ይሆናል።

እዚህ ግን የሚተኮስ ነገር አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ ጥንታዊ ቅርስን ከአገር ማውጣትም በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ አሮጌ ነው ብሎ ከመናቅ የወረዳውን ሰው ጠይቆ ማስመዝገብ ይሻላል። ሕጉን ብንተወው እንኳ ብረቱ አርጅቷል፤ የዛሬን ባሩድ እዚያ ውስጥ የሚከት ሰው ዓይኑን ይዞ አይመለስም። በአፈሙዝ የሚጎርስ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ፦ ቀጭን ዘንግ እስከ መጨረሻው ክተቱ፣ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጉበት፣ አውጥታችሁ ከውጭ በርሜሉ ላይ አስተያዩት። ዘንጉ መጨረሻው ጋ ካልደረሰ፣ ከሆነ ዘመን ጀምሮ ጎርሶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ልጆች የሚጫወቱበት ቤት ከሆነ ነገ አትበሉ።

የአጎቴ ነገር አላለቀም። ከብርጭቆ ወረቀቱ የተረፉትን የላቲን ፊደሎች በስልክ አንስቼ አጉልቼ አነበብኩለት፣ «...ኤትየን» ይላል፣ ቀጥሎ 1874። ዝም ብሎ ቆየ። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ጽሑፉ የቅድመ አያታችን ስም ነው ብሎ ሲያስብ ነው የኖረው፣ አባቱም እንዲያ ነው የነገረው። የፈረንሳይ ከተማ ስም ነው፣ ፋብሪካው እዚያ ነበር አልኩት። ጠመንጃውን ከጭኔ ተቀብሎ ቆዳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ታዲያ የእሱን ስም ምን ላይ ነው የጻፉት?» አለኝ።