ያለ መኪና ከግቢ ውጭ እየኖሩ መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከግቢ ውጭ ቤት የተከራየ ተማሪ ገና ትምህርት ሳይጀምር ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ «መኪና ከሌለህ አትችለውም» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እኮ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ለመርዳት ብለው ነው፤ ሁለቱም ግን ያሳስታሉ። እኔም በተማሪነቴ ከግቢ ውጭ ነው የኖርኩት። በእግሬ ሄጃለሁ፣ አውቶቡስ ጠብቄያለሁ፣ በኋላም ሳይክል ገዝቻለሁ። ካየሁት ተነስቼ የምለው ይህን ነው፦ ብዙውን ተማሪ የሚጥለው መኪና ማጣቱ አይደለም። መሄጃውን ብቻ አስቦ፣ መመለሻውን ሳያስብ ቤት መከራየቱ ነው።

«በመኪና አስር ደቂቃ ነው»

አስር ደቂቃው ሞተሩ ከተነሳ እስኪጠፋ ያለው ነው። ትምህርቱ ግን የሚጀምረው መኪናው ሲቆም ሳይሆን እናንተ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ነው። መሃል ላይ ማቆሚያ ፍለጋ አለ። ጠዋት ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚደርስ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ብዙ ግቢዎች ማቆሚያውን ዳር ላይ ስለሚያደርጉት፣ ከዚያ እስከ ክፍል በእግር ይኬዳል። አጭር መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ሲደመር መኪናው ከሳይክል ብዙም አይቀድምም። መንገዱ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን መኪና ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ብቻ መኪና ቆሞም ያስወጣል። ባትነዱትም ኢንሹራንሱ ይከፈላል፣ ባትሪውና ጎማው ያረጃል።

«ቤቱ ቅርብ ነው፣ ካርታ ላይ አይቻለሁ»

ዓይን ካርታ ላይ የሚያየው ቀጥታ መስመር ነው። እግር ግን ወንዝ አይዘልም። መሃል ላይ መሻገሪያ የሌለው አውራ ጎዳና ወይም ረጅም አጥር ካለ፣ አንዱ ኪሎ ሜትር ሁለት ይሆናል። ለእናንተ የሚቀርበው የግቢ በር ማታ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል። እስከ በሩ የቆጠራችሁት ርቀትም እስከ ክፍላችሁ አይደለም። ሰፊ ግቢ ውስጥ ከበር እስከ ላቦራቶሪ ሌላ አስር ደቂቃ ሊኖር ይችላል።

ሰው በተለመደ እርምጃ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ 1 ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ነው። ዳገት ካለ ወይም ቦርሳው ከከበደ ጨምሩበት። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቦርሳችሁን አዝላችሁ በትምህርት ቀን ጠዋት ሂዱበት። የዚያኑ ቀን ማታ የመጨረሻው ክፍል በሚያልቅበት ሰዓት ተመለሱበት። መብራት የት እንዳለ፣ የት ሰው እንደሚጠፋ ያኔ ነው የሚታየው። እሁድ ከሰዓት የተሞከረ መንገድ ስለ ሰኞ ምንም አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መሄድ ከዚህ ይቆጠራል። ግቢው 15 ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ፣ በ5 ቀን ደርሶ መልሱ ልክ 150 ነው።

«ራቅ ያለ ቤት ይረክሳል፣ ያዋጣል»

ሊያዋጣ ይችላል። ግን ሂሳቡ ውስጥ ጊዜውም ይግባ። መሄጃው 45 ደቂቃ ከሆነ፣ በቀን 1 ሰዓት ተኩል ነው። በ5 ቀን 7 ሰዓት ተኩል። 15 ሳምንት ባለው ሴሚስተር ከ112 ሰዓት በላይ መንገድ ላይ ያልፋል። በሴሚስተሩ ከኪራይ የምታተርፉትን ገንዘብ ውሰዱ። የትራንስፖርቱን ጭማሪ ቀንሱበት። የተረፈውን መንገድ ላይ ለሚጨመርባችሁ ሰዓት አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር አንዷን ሰዓታችሁን በስንት እንደሸጣችኋት ይነግራችኋል። ለአንዱ ተማሪ ያዋጣል፣ ለሌላው አያዋጣም። ክላስ ስትመዘገቡ በ5 ቀን የተበተነውን በ3 ወይም በ4 ቀን መሰብሰብ ከቻላችሁ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ይሆናል።

«አውቶቡስ አይታመንም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አውቶቡስን የሚተወው ምን እንደሚሆን ሳይገባው ስለሆነ ነው።

በየ10 ደቂቃው የሚያልፍ አውቶቡስ ካለ፣ ሰዓት ሳታዩ ብትወጡ በአማካይ 5 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ይህ የሚሆነው ግን አውቶቡሶቹ እኩል ተራርቀው ሲመጡ ነው። መንገድ ላይ እንዲህ አይሄድም። አንዱ አውቶቡስ መብራት ይዞት ትንሽ ይዘገያል። እሱ ሲዘገይ ፌርማታው ላይ ሰው ይጠራቀማል። የሚሳፈረው ሲበዛ የባሰ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ሰው ተነስቶለት ፌርማታውን ባዶ ስለሚያገኘው ይፈጥናል። ከዚያ ሁለቱ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ የፊተኛው ጢም ብሎ፣ የኋለኛው ወንበር ተርፎት። 20 ደቂቃ ቆሞ ለጠበቀ ሰው ያናድዳል። ግን ሹፌሩ ስለለገመ አይደለም። መስመሩ ራሱ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው።

ይህን ያወቀ ሰው ብዙ ነገር ያተርፋል። ጢም ብሎ የመጣ አውቶቡስ ላይ ከመጋፋታችሁ በፊት ከኋላው ሌላ እየመጣ እንደሆነ እዩ። መዛባቱ እየተጠራቀመ የሚሄድ ስለሆነ፣ ከመነሻው አካባቢ ያለ ፌርማታ ከመጨረሻው አካባቢ ካለው የበለጠ ሰዓቱን ይጠብቃል። ቤት ስትመርጡ ይህን አስቡበት። መሃል ላይ አውቶቡስ መቀየር ያለበትን መንገድ ደግሞ ጠንቀቅ ብላችሁ ያዙት። ሁለተኛው አውቶቡስ በየ30 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ፣ በ1 ደቂቃ መዘግየት ግማሽ ሰዓት ታጣላችሁ። እኔ ብሆን ቀስ የሚል ግን ቀጥታ የሚያደርስ አውቶቡስ እመርጣለሁ። ለፈተና ቀን ደግሞ ከተለመደው በፊት ባለው መሳፈር ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

«ሳይክል ለስፖርተኛ ነው፤ በላብ ተጠምቆ ክፍል መግባት ነው»

ሳይክል ላይ የሚያልብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሽቀዳደም ነው። ዘና ብላችሁ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ 5 ኪሎ ሜትር በ20 ደቂቃ ያልቃል። በእግር ይህ 1 ሰዓት ነው። ጀርባን የሚያርሰው ደግሞ የታዘለው ቦርሳ ነው። ቦርሳውን ከኋላ ያለው መጫኛ ላይ እሰሩት፣ ልዩነቱን ታያላችሁ።

«ይከብደኛል» የሚሉ ሰዎችን ሳይክል ሳይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር አገኛለሁ። ጎማው በደንብ አልተነፋም፣ ወይም ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው ኮርቻው ልክ ነው። ስታቆሙ ጎማውን ብቻ አትቆልፉ፤ ጎማ ተፈትቶ ይቀራል፣ ሳይክሉ ይሄዳል። ዋናውን ብረት ከማይነቀል ነገር ጋር አያይዙት። ለማታ መመለሻ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል።

የኔዘርላንድስ ከተማ ዩትሬክት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ናት። ከዋናው ባቡር ጣቢያዋ ሥር 12,500 ሳይክል የሚይዝ ማቆሚያ አለ፤ ግንባታው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እዚያ የሚያቆመው ሁሉ ስፖርተኛ አይደለም። ተማሪ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ እናት ናት።

«ዝናብ ከመጣ አለቀ»

ውሃ የማያስገባ ልብስና ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ትርፍ ካልሲ ብዙውን ይፈታል። ሳይክል ላይ ከሆናችሁ ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ። መንገድ ላይ የተቀባው ቀለምና የጉድጓድ የብረት ክዳን ሲረጥብ ያንሸራትታል።

«መንገድ ላይ ያለፈ ጊዜ የባከነ ነው»

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ቆማችሁ፣ ተጨናንቃችሁ ምንም አይነበብም። ተቀምጠውም ማንበብ የማይችሉ አሉ። ዓይን የማይንቀሳቀስ ገጽ ያያል፣ ውስጠኛው ጆሮ ግን እንቅስቃሴ ይሰማዋል። ሁለቱ ሲጋጩ ያጥወለውላል። ስንፍና አይደለም። እንዲህ የሚሆንባችሁ ከሆነ በመስኮት ራቅ ያለውን እያያችሁ የተቀዳ ሌክቸር አዳምጡ። ወይም ምንም አትሥሩ፤ እሱም ዕረፍት ነው።

«ከግቢ ውጭ ያለ ተማሪ ማታ ላይብረሪ አይቀመጥም፤ የአውቶቡስ ሰዓት ደግሞ አይለወጥም»

እኔን ያስቸገረኝም ይህ ነበር። የመጨረሻው አውቶቡስ የሚያልፈው ላይብረሪው ከመዘጋቱ 40 ደቂቃ በፊት ነበር። ጓደኞቼ ማጥናት ሲጀምሩ እኔ ቦርሳዬን እዘጋለሁ። ብዙ ቆይቼ ነው በዚያው አቅጣጫ የሚሄዱ ሦስት ልጆች መኖራቸውን ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ አራት ሆነን በእግር መመለስ ጀመርን። አቅጣጫችሁን ለክፍል ጓደኞቻችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ንገሩ።

አውቶቡስ አይለወጥም የሚለውም ልክ አይደለም። ዴቪስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት ያገለገሉ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ይዘው የራሳቸውን አገልግሎት ጀመሩ። ዛሬም አውቶቡሶቹን በአብዛኛው የሚነዱት ተማሪዎች ናቸው። እናንተ አውቶቡስ ግዙ አልላችሁም። ግን የማታ ክላሶች ስንት ሰዓት እንደሚያልቁ፣ በየአቅጣጫው ስንት ተማሪ እንደሚመለስ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በተማሪዎች ኅብረት በኩል ለትራንስፖርት ክፍሉ አቅርቡ። «አውቶቡስ ይጨመርልን» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «የመጨረሻው በ30 ደቂቃ ይዘግይልን» የሚለው ለሚወስነው ሰው ይቀለዋል።