ምጥን ምንድን ነው? የእህል ቆጠራ እንዳይመስላችሁ

«ባለ 17 እህል የሕፃናት ምጥን» ይላል ከረጢቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት። የሥነ ምግብ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ያመጣችው እናት የዘጠኝ ወር ልጇ ክብደት አልጨምር ብሎባት ግራ ገብቷታል። ዱቄቱን ዘገን አድርጌ አሸተትኩት፤ ከሁሉ በፊት አፍንጫ የሚመታው አብሹ ነው። ከዚያ ዝርዝሩን አነበብኩላት፦ ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቡላ፣ ሽንብራ፣ ለውዝ፣ ተልባ፣ አብሽ። በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ «አሥራ ሰባት ሞላ» አለች፣ አልሸወዱኝም ለማለት ያህል። ሰርገኛ ማለት ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ጤፍ ስለሆነ አንዱ ጤፍ ሦስት ጊዜ እንደተቆጠረ ግን ማንም አላስተዋለም። ለከረጢቱ የከፈለችው ገንዘብ ለቤቱ የሳምንት ሽሮ ከምታወጣው ይበልጣል።

በዚያው ሰሞን አንድ አስተያየት ሰጪ «ከአሥራ ሁለት እህል በታች ከሆነ ምጥን አይባልም፣ ተራ ዱቄት ነው» ብሎ ጽፎ አየሁ። ከሥሩ ምስጋናው ተደርድሯል። ዝም ልል ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቃሉ ራሱ ይመስክር። ምጥን የመጣው መመጠን ከሚለው ነው። ስፍር ነው፣ ልክ ነው፤ ከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ያን ያህል ማለት ነው። «መጥኖ መደቆስ ድሮ ነበር እንጂ፣ ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ተብላ የተወቀሰችው ሴት ልክ ያጣች እንጂ ቅመም ያነሳት አይደለችም። ምጥን ሽሮ የምታሰናዳ ባለሙያም ብትጠየቅ የምትናገረው ለስንት ኪሎ አተር ስንት በርበሬ እንደሚገባ ነው። የሕፃኑም ምጥን እንዲሁ ነው፦ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገብስና አተር በዚህ ልክ ከተሰፈሩ ምጥን ሆነዋል። አሥራ ሦስት ዓይነት እህልና ሥራሥር ላይ አንድ ጭብጥ ሽንብራ ጣል የተደረገበት ዱቄት ግን ስሙ ድብልቅ ነው።

ጥራጥሬው ለምን አስፈለገ ከተባለ ነገሩ እንደ መቀናጆ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል፤ በአንድ በሬ አይታረስማ። ልጅ አካሉን የሚገነባበት ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን የሚባለው። የአንዱ ጉድለት ከሌላው ዘንድ ስለሚገኝ ሁለቱ ሲጠመዱ ሞፈሩ ይንቀሳቀሳል። እህል በእህል ላይ መደራረብ ታዲያ አሥራ ሦስት የቀኝ በሬ ገዝቶ ግራውን ባዶ መተው ነው። ከቀንበሩ ፊት ተሰልፈው ያምራሉ፣ መኖ ይጨርሳሉ፣ መሬቱ ግን እንዳለ አለ።

«ጥማድ እኩል ከሆነ ለምን ሦስት ለአንድ?» የሚል ይኖራል። ጥራጥሬው ጉልበተኛ በሬ ስለሆነ ነው። እህል ከመቶ አሥር ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው አተርና ባቄላ ከሃያ በላይ አላቸው። ከልኩ በላይ ከገቡ ደግሞ የሕፃኑን ሆድ ይነፋሉ። እዚህ ላይ ምሳሌው እንደሚሰበር ላምን፦ በሬ በአንድ ቀንበር፣ በአንድ ሰዓት መጠመድ አለበት፤ እህልና ጥራጥሬ ግን የግድ በአንድ ድስት መግባት የለባቸውም። ጠዋት ገንፎ፣ ቀትር ላይ ሽሮ ፍትፍት የበላ ልጅ ሰውነቱ ያጣምራቸዋል። ጤፍም በላይሲን ከአብዛኞቹ እህሎች ይሻላል። ይህን የምጨምረው የሙያ ባልደረቦቼ ሳይቀድሙኝ ነው።

«ልዩ ልዩ ምግብ ስጡ እያላችሁ የምታስተምሩት እናንተው አይደላችሁ?» ይለኛል አስተያየት ሰጪው። እኛው ነን፤ ጥፋቱም ከፊሉ የእኛ ነው፣ ምን እንደሚቆጠር አጥርተን አልተናገርንምና። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለን ልጅ ምግብ የሚቆጥሩት በስምንት ምድብ ነው፦ የእናት ጡት ወተት፤ እህልና ሥራሥር፤ ጥራጥሬ ከነለውዙና ከነተልባው፤ የላም ወተትና የወተት ውጤት፤ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዶሮና ዓሣ፤ እንቁላል፤ ቫይታሚን ኤ የሞላባቸው እንደ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ያሉ፤ የቀረው አትክልትና ፍራፍሬ። ልጁ በቀን ቢያንስ ከአምስቱ ማግኘት አለበት። አሥራ ሰባቱ እህል፣ ጡቱ ተጨምሮበት፣ ሦስት ምድብ ነው። አብሹ ቅመም ስለሆነ ጭራሽ አይቆጠርም። ጡት፣ እንጀራ በሽሮ፣ አንድ እንቁላልና የተቀቀለ ጎመን ደግሞ አምስት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉ ልጆች በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃቸውን ይመገቡ የነበሩት ከመቶ 7ቱ ብቻ ናቸው። የጎደላቸው ዳጉሳ አልነበረም።

«ጤፍ እኮ ብረት አለው» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። በጥናት ከሚታየው ብረት አንዱ ክፍል ጤፉ አውድማ ላይ ሲወቃ የያዘው አፈር ነው፤ ያ ለሰውነት እምብዛም አይጠቅም። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። የእንጀራ እርሾ እስራቱን ያላላዋል፤ ወዲያው ተቆልቶ ተፈጭቶ ገንፎ የሚሆነው ዱቄት ይህን ዕድል አያገኝም። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ከማኅፀን ይዞት የመጣው ብረት እያለቀ ስለሚሄድ ጉበት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በአውራ ጣት ልክ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ቢገባለት አንድ ከረጢት ጤፍ የማይሠራውን ይሠራል።

ወደዚያች እናት ልመለስ። «በምን ታበይዋለሽ?» ስላት ከቦርሳዋ ጡጦ አወጣች። ጫፉ በመቀስ ተቆርጦ ሰፍቷል፣ አጥሚቱ እንዲወርድ። የልጇ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ብላችሁ አስሉት። ያ ቦታ በውሃ ከተሞላ ምግቡ የት ይገባል? ጡት የሚጠባ የዘጠኝ ወር ልጅ ከምግብ ብቻ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። በጡጦ የሚወርድ አጥሚት ይህን እንዲሞላ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ መዋል አለበት፤ ያኔ ደግሞ ጡቱን ይተዋል። ገንፎው ማንኪያ ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ ይሁን። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻ 45 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምርለታል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በማንኪያ። ጡጦውን ለማጠብ የሚጠፋው ውሃና ሳሙና ለሌላ ይሁን።

ወፍራሙን አልውጥ ላለ ልጅ አያቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ ብቅል። ገንፎው በስሎ ገና ሞቅ እንዳለ አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ወይም የገብስ ብቅል ዱቄት ሲበጠበጥበት ውሃ ሳይጨመር ይቀጥናል፤ ከዚያ መልሶ ማፍላት ነው። የማሽላ ብቅል ለዚህ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ቡቃያው ሲያናይድ የሚያወጣ ነገር ስላለው በደንብ መራገፍ አለበት። ብቅል ስል የጸዳና ደርቆ የተቀመጠ ማለቴ ነው፣ ሻጋታ የያዘውን አይደለም። እግረ መንገዴን፦ አኩሪ አተር የምትጨምሩ ሰዎች በደንብ ቁሉት፣ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን ይከለክላል። ለውዝ ሻጋታ ቶሎ ስለሚይዘው የሦስት ወር ምጥን በአንዴ አታስፈጩ። ማር አንድ ዓመት እስኪሞላው አይቀመስ። ርካሽ ብላችሁ የምትገዙት ሽሮ ውስጥ ጓያ አለመኖሩንም ጠይቁ፤ ጓያ በብዛት ለወራት ከተበላ እግር ያሽመደምዳል፣ የአዋቂንም የልጅንም።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ አብዛኛው ምግብ ቤታችሁ ያለ ነው። ምስር ወጥ ሲሠራ በርበሬው ከመግባቱ በፊት አንድ ጭልፋ ለሕፃኑ ይወጣል፤ እንጀራ ተፈትፍቶበት በማንኪያ ጀርባ ይደቆሳል። ድንች ሲቀቀል አንዱ የእሱ ነው። ሽሮው ነጭ ሽሮ ይሁን እንጂ ምጥን ሽሮ አይሁን። ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ካለ እንቁላል ይግዛ።

የ17ቱን እህል ዱቄት አላስጣልኳትም፤ ተከፍሎበታል። ሦስት ኩባያ ከእሱ፣ አንድ ኩባያ ተቆልቶ የተፈጨ አተር፣ ገንፎው ሲበስል እንቁላል ተመትቶ ገብቶበት አብሮ እስኪበስል ይታማሳል አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ዝም አለች። ሲያልቅ «ሲስተር፣ ጾም እኮ ነው» አለች። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ ብዬ ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ልጅ ከሰባት ዓመት በታች ጾም እንደሌለበት እሷም ታውቃለች፤ የከበዳት ድስቱ ነው። ለእንቁላሉ የዋለ ድስት ለቤቱ ሽሮ ሊሆን ነው፣ አማቷም አብራ ትኖራለች። ብዙ ቤት ውስጥ ሕፃኑ ሁለት ወር ሙሉ እንቁላልና ወተት የማያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም እንዲጾም ፈርዶበት አይደለም።

«ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት የለሽም?»

አሰብ አደረገች። «አንድ አሮጌ ብረት ድስት አለኝ፣ ክዳኑ ጠፍቶ የተቀመጠ።»

«በሰሃን ክደኚው።»