«ከመንግሥት ካዝና ሳንቲም አልወጣም» እና ሌሎች ስለ ትምህርት ቤት ታክስ ክሬዲት የሚነገሩ ስህተቶች

ታክስ ነው የምሠራው። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ በአትላንታ ዙሪያ የሚኖሩ አበሾች ናቸው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ድረስ ደግሞ አንድ ወሬ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። «ልጄ ክርስቲያን ስኩል የሚማረው በደጋግ ሰዎች ስጦታ ነው፤ መንግሥት እጁ የለበትም» ይሉኛል። ስለ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ክፉ ነገር የለኝም። ልጆቻቸውን በዚያ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ደንበኞች አሉኝ። ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ መመስገን ያለበትን አለማመስገን፣ መጠየቅ ያለበትን አለመጠየቅ ይከተላል።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የትምህርት ቤት ታክስ ክሬዲት የሚባለውን ሕግ አሪዞና የምትባለው ስቴት በ1997 ጀመረችው። አትላንታ ያለችበት ጆርጂያ በ2008 ተከተለች። ግለሰብ ወይም ድርጅት ለአንድ የስኮላርሺፕ ድርጅት ገንዘብ ይሰጣል። ድርጅቱ ገንዘቡን ለተማሪዎች ክፍያ ብሎ ለግል ትምህርት ቤቶች ያስተላልፋል። ስቴቱ ደግሞ ለሰጪው ታክስ ይቀንስለታል፤ ክሬዲት የሚባለው ይህ ቅናሽ ነው። በአሜሪካ በግል ትምህርት ቤት ከሚማሩ አራት ልጆች ሦስቱ ያህል የሃይማኖት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆኑ፣ ገንዘቡ በብዛት ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም። ክርስቲያን ብቻ ነው የሚጠቀመው የሚሉም ተሳስተዋል፤ የሙስሊምና የአይሁድ ትምህርት ቤቶችም፣ ሃይማኖት የሌላቸውም አሉበት።

«የግል ስጦታ ነው»

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። በቁጥር እንሂድ።

ባልና ሚስት ለጆርጂያ ስቴት 4,000 ዶላር ታክስ አለባቸው እንበል። 2,000 ዶላር ለስኮላርሺፕ ድርጅት ሰጡ። ስቴቱ ያንኑ 2,000 ሳይሸራርፍ ከዕዳቸው ላይ ያነሳላቸዋል። ለስቴቱ የሚከፍሉት 2,000 ብቻ ይሆናል። በድምሩ ከኪሳቸው የወጣው 4,000 ነው። ባይሰጡስ ኖሮ? ያው 4,000። ሰጡም አልሰጡም ለእነሱ ለውጥ የለውም። ድሮም ሊከፍሉት የነበረ ገንዘብ ነው፤ አሁን የተቀየረው የሚሄድበት ቦታ ብቻ ነው። 2,000 ዶላር የጎደለው ከስቴቱ ካዝና ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ስትሰጡ ግን ሌላ ነው። ያ ዲዳክሽን ይባላል። ዲዳክሽን የሚቀንሰው ታክስ የሚታሰብበትን ገቢ ነው። ክሬዲት የሚቀንሰው ታክሱን ራሱን ነው። በ22 በመቶ የታክስ እርከን ላይ ያለ ሰው 2,000 ዶላር አሥራት ቢሰጥ፣ ከፌደራል ታክሱ የሚቀንስለት ቢበዛ 440 ዶላር ነው። 1,560ው ከራሱ ጉሮሮ የወጣ ነው። ስጦታ ማለት ይሄ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አሥራቱን ቆጥቦ የሚያወጣውን ምእመን መበደል ነው።

አንድ ደንበኛዬ በዚህ ነገር ከእኔ ጋር ብዙ ተከራከረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰጥቻለሁ ብሎ ከልቡ ያምናል። በመጨረሻ ኮምፒውተሬን ወደ እሱ አዙሬ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ሠራሁለት፤ አንዴ ከክሬዲቱ ጋር፣ አንዴ ያለ ክሬዲቱ። ስጦታው ሲደመርበት ድምሩ እኩል መጣ። ትንሽ ዝም ብሎ አየውና «ታዲያ የሰጠው ማነው?» አለኝ። ሁላችንም ነን። በጆርጂያ ታክስ የሚከፍል ሁሉ ነው። ሌሊት ኡበር የሚነዳው ነው። ነርሲንግ ሆም ድርብ ሺፍት የምትገባው፣ የራሷን ልጆች ግን ፐብሊክ ስኩል የምታስተምረው እናት ናት።

«ገንዘቡ ካዝና ገብቶ አያውቅም እኮ» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ክርክር በፍርድ ቤትም ተነስቷል። በ2011 በአሪዞናው ሕግ ላይ የቀረበው ክስ የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሆነው ሱፕሪም ኮርት ደርሶ 5 ለ 4 ተወሰነ። ብዙኃኑን ወክለው የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ፣ ገንዘቡ በታክስ ሰብሳቢው እጅ ስላልገባ የመንግሥት ወጪ አይባልም አሉ። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ኬገን ደግሞ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ቢሰጥም፣ ታክስ ቢምርም የሚደርስበት ግብ አንድ ነው አሉ። እኔ ሒሳብ ሠሪ ነኝ፤ በሒሳቡ ኬገን ትክክል ናቸው። ቀበሌ ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ «ድርሻህን ለእኔ አትክፈል፣ ለጎረቤትህ ልጅ ትምህርት ቤት ክፈልና ደረሰኙን አምጣ» ቢባል፣ የቀበሌው ሣጥን መጉደሉን ማንም አይክድም።

ይሄን ያህል የማክርረው በምክንያት ነው። የግል ስጦታ ነው ብሎ ያመነ ሰው አይጠይቅም። የሰው ልግስና አይመረመርማ። የሕዝብ ገንዘብ ግን ይጠየቃል። የፐብሊክ ስኩል በጀት ክፍት ነው፤ ቦርዱ ስብሰባ ላይ ቆመህ ለምን ይሄን አወጣችሁ ማለት ትችላለህ። ልጆቹም የስቴቱን ፈተና ይፈተናሉ፣ ውጤቱም ይታተማል። በዚህ ክሬዲት የሚማሩ ልጆች በግል ትምህርት ቤታቸው የስቴቱን ፈተና እንዲወስዱ ግዴታ የለም። ይህ ተገቢ ነው የሚል ወገን አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። ለመከራከር ግን መጀመሪያ የራሳችን ገንዘብ መሆኑን ማወቅ አለብን።

«ሱፕሪም ኮርት አጽድቆታል»

አላጸደቀም። በ2011 የተባለው፣ ከሳሾቹ ታክስ ከፋይ ስለሆኑ ብቻ የመክሰስ መብት የላቸውም ነው። የጆርጂያ ሱፕሪም ኮርትም በ2017 የእኛን ስቴት ክስ የዘጋው በዚሁ መንገድ ነው። መክሰስ አትችሉም ማለትና ነገሩ ልክ ነው ማለት ለየቅል ናቸው።

«ሕገ መንግሥቱ ለሃይማኖት ትምህርት ቤት መስጠትን ይከለክላል» የሚሉትም አልተሳካላቸውም። በ2020 በሞንታና ጉዳይ ሱፕሪም ኮርት፣ ስቴት የግል ትምህርትን የመደገፍ ግዴታ የለበትም፤ መደገፍ ከጀመረ ግን ሃይማኖታዊ ናቸው ብሎ ብቻ ማግለል አይችልም ብሎ ወስኗል። ክርክሩን ያስነሳው የሞንታና ክሬዲት 150 ዶላር ብቻ ነበር።

«ፐብሊክ ስኩልን ባዶ እያስቀረ ነው» ማለትም ማጋነን ነው። የጆርጂያ ክሬዲት ጠቅላላ ጣሪያ በ2019 ወደ 100 ሚሊዮን፣ በ2023 ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች በዓመት ከ10 ቢሊዮን በላይ ያወጣል። አንድ በመቶ ገደማ ነው። ከትንሽነቱ ይልቅ እያደገ መሄዱ ነው የሚያሳስበኝ።

«ለድሃ ልጅ ብቻ ነው»። የጆርጂያ ሕግ የገቢ ጣሪያ የለውም፤ ድርጅቶቹ የቤተሰቡን አቅም ያዩ ነው የሚለው።

«ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ የሚባለውም ያው ነው»። አይደለም። ያኛው በ2024 የወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ እስከ 6,500 ዶላር በቀጥታ ከስቴቱ በጀት የሚከፈል። ማመልከቻውም መስፈርቱም የተለየ ነው።

«ለድርጅቱ ሰጥቼ ለራሴ ልጅ ይመደብልኛል»። ክልክል ነው። «አንተ ለእኔ ልጅ፣ እኔ ለአንተ ልጅ» የሚለውም መዘዝ አለው፤ እንዲህ ብሎ የሚመክራችሁ ሰው ካለ ሽሹት።

«ስኮላርሺፑ ካለ ልጄን መቀበል ግዴታቸው ነው»

ይሄኛው ወላጅን የሚያስለቅስ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የግል ትምህርት ቤት ተማሪውን ይመርጣል። ስኮላርሺፑ የመክፈያ መንገድ ነው፣ የመግቢያ መብት አይደለም።

አንዲት ደንበኛዬ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አላት። በፐብሊክ ስኩል አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ነበረው፤ የንግግር ቴራፒም ይሰጠው ነበር። የሃይማኖት ትምህርት ይማርልኝ ብላ ስኮላርሺፕ አግኝታ አዛወረችው። አዲሱ ትምህርት ቤት ቴራፒስት አልነበረውም። እንዲቀጥርም የሚያስገድደው የለም። በፌደራሉ ሕግ ወላጅ በራሱ ፈቃድ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲያዛውር፣ ልጁ በፐብሊክ ስኩል የነበረው የግል አገልግሎት የማግኘት መብት አብሮት አይሄድም። ይህን ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። ታክስ ልታሠራ መጥታ ነው እያለቀሰች ያጫወተችኝ። በኋላ ልጁን መለሰችው፤ መሃል ላይ የባከነውን ጊዜ ግን ማንም አይመልስላትም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ስኮላርሺፑ ከክፍያው ምን ያህሉን ይሸፍናል? የቀረውን በየወሩ እኔ ነኝ የምከፍለው? በሚቀጥለው ዓመትስ ይቀጥላል? ስኩል ባስ አለ? ልጄ ቢከብደው ምን እርዳታ አላችሁ? ከመሃል ብወጣ የከፈልኩት ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በአፍ «አይዞሽ እናስተካክላለን» የተባለች እናት በኋላ የምታሳየው ነገር አይኖራትም። ልጁ አይኢፒ ካለው ደግሞ ሙሉ ኮፒውን አስቀሩ፤ ልጁን ለመመለስ ብትወስኑ ያስፈልጋችኋል።

ሰጪ ለሆናችሁም አንድ ነገር አለ። ድሮ አንዳንዶች በአንድ ስጦታ የስቴት ክሬዲትም የፌደራል ዲዳክሽንም እየወሰዱ ያተርፉ ነበር። የፌደራሉ ታክስ ሰብሳቢ አይአርኤስ በ2019 ባወጣው ደንብ ይህን ዘግቷል፤ የስቴት ክሬዲት ያገኛችሁበትን ያህል ከዲዳክሽኑ ይቀነሳል። እስካሁን «ሁለቱንም አድርግልኝ» የሚለኝ ሰው አለ። አላደርግም።

አሁን ደግሞ የፌደራሉ ክሬዲት መጥቷል። በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ ለስኮላርሺፕ ድርጅት የሰጠ ሰው እስከ 1,700 ዶላር ከፌደራል ታክሱ ላይ ሙሉ ክሬዲት ያገኛል። ስኮላርሺፑ የሚሠራው ለመግባት በወሰነ ስቴት ላሉ ተማሪዎች ነው። የፐብሊክ ስኩል ተማሪም ለጥናት እርዳታና ለመሳሰለው ሊጠቀምበት ይችላል። የቤተሰቡ ገቢ እስከ አካባቢው መካከለኛ ገቢ ሦስት እጥፍ ይፈቀዳል፤ በአትላንታ ይህ ከ300 ሺህ ዶላር ይበልጣል። «የድሃ ፕሮግራም» የሚለው እዚህም አይሠራም። ስቴት ላይ ክሬዲት ያገኛችሁበት ገንዘብ ከፌደራሉ ክሬዲት ላይ ይቀነሳል። «ከሁለቱም ወገን ትወስዳላችሁ» የሚል ወረቀት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ይዞ ቢመጣ፣ ቼኩን ከመጻፋችሁ በፊት ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው አሳዩት።