በርጫ ላይ ስለ ካንሰር መድኃኒት የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ በርጫ ላይ የካንሰር ወሬ ከተነሳ ሁሉም ዶክተር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እንያቸው እስቲ።

«የካንሰር መድኃኒት ያው መርዝ ነው፣ ያገኘውን ይፈጃል።»
ይህ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። የተለመደው ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ሁሉ ይመታል፤ ፀጉር የሚረግፈውም ለዚህ ነው። ግን ሌላ መንገድም አለ። ሴል ሲበላሽ ራሱን የሚያጠፋበት አሠራር ድሮም በውስጡ አለ፣ አፖፕቶሲስ ይባላል። አንዳንድ የደም ካንሰሮች ቢሲኤል-2 የሚባለውን ፕሮቲን ያበዛሉ፣ እሱ ደግሞ ሞት አስፈጻሚዎቹን ፕሮቲኖች ጥፍር አድርጎ ይይዛቸዋል። ኬሚስቶቹ ዓመታት የደከሙት ይህ ፕሮቲን ላይ ባለች ጠባብ ስርጉድ ውስጥ ገብቶ የታሰሩትን የሚያስለቅቅ ሞለኪውል ለመሥራት ነው። ቬኔቶክላክስ እንዲህ ተሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በአፍ የሚዋጥ ክኒን ነው።

«ጫትም እኮ የካንሰር ሴል ይገድላል፣ ተጠንቷል!»
አቦ፣ ቀስ! የጫት ጭማቂ ላብራቶሪ ውስጥ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሴሎችን መግደሉ እውነት ነው። ግን እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ ጤነኛ የአፍ ሴሎችንም ገድሏል። ሳህን ላይ ያለ ሴልማ በረኪናም ይገድለዋል። ጭንቁ መግደሉ ሳይሆን ጤነኛውን መተዉ ነው። ከቬኔቶክላክስ በፊት የመጣው ናቪቶክላክስ ቢሲኤል-ኤክስኤል የሚባለውን ዘመድ ፕሮቲንም ይይዝ ነበር፤ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ደግሞ በሕይወት የሚቆዩት በዚያ ፕሮቲን ነው፣ ስለዚህ የታካሚዎቹ ፕላትሌት አሽቆለቆለ። ሞለኪውሉን እንደገና ቀርጸው ቢሲኤል-2ን ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ግድ ሆነ።

«ቶሎ ከገደለ ጥሩ ነው።»
እንዲያውም ቶሎ መግደሉ ራሱ አደጋ ነው። ብዙ ሴል ባንዴ ሲፈርስ ፖታሲየሙና ሌላው ይዘቱ ደም ውስጥ ይፈስና ኩላሊትና ልብን ያጠቃል። ለዚህ ነው ሲኤልኤል የሚባል የደም ካንሰር ያለበት ሰው ቬኔቶክላክስን በቀን በ20 ሚሊግራም የሚጀምረውና መጠኑ በየሳምንቱ እየጨመረ በአምስተኛው ሳምንት 400 የሚደርሰው። ውሃም በብዛት ጠጣ ይባላል (በድሬ ሙቀት ይህን መካሪ አያስፈልገውም)።

«አንዴ ከሠራ በቃ፣ ተገላገልን።»
አይደለም። ካንሰሩ ቢሲኤል-2 ሲዘጋበት ኤምሲኤል-1 የሚባለውን ዘመዱን ተደግፎ ሊተርፍ ይችላል። ቬኔቶክላክስ ብዙ ጊዜ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ የሚሰጠውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።