ኩሺንግ ምንድን ነው? የማያሳክክ የውሻ ፀጉር መርገፍ

ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ዳክስሁንድ የሚባል ዘር ውሻ አላት። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም። ቡቺ እንለዋለን። ባለፈው ዓመት እናታችን ልትጠይቃት ሄደች። በር ላይ ገና እንዳየችው፣ "ውይ፣ ይቺ ውሻ መውለጃዋ ደርሷል መሰለኝ" አለች።

"እማዬ፣ ወንድ እኮ ነው!"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሆድ ከየት መጣ?"

እህቴ በየቀኑ ስለምታየው አልታወቃትም። ቡቺ 10 ዓመቱ ነው። ሽማግሌ ቦርጭ ቢያወጣ ምን ይገርማል? ደግሞ ይበላል። ሳህኑን ልሶ ጨርሶ የሰው አፍ ያያል። እኛ ቤት "ታመመ" የሚባለው እህል ሲያስጠላው ነው። የቡቺ በሽታ፣ ኩሺንግ የሚባለው፣ የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው የታመመ ሳይሆን የጠገበ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለቱ ኩላሊቶች አጠገብ አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ እጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ኮርቲሶል በልኩ ሲሆን ደግ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ሰውነትን ያነቃል፣ እብጠትና መቆጣትን ያበርዳል። ልኩን አልፎ ለወራት ሲመረት ግን ሰውነቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ቆዳ ይሳሳል፣ የመከላከል አቅም ይደክማል። ኩሺንግ ማለት ይሄ ነው። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቪ ኩሺንግ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በሽታውን የገለጸው በሰዎች ላይ ነበር። በውሻም የሚሆነው ያው ነው።

በአብዛኞቹ ውሾች፣ ከ80 እስከ 85 በመቶ ገደማ በሚሆኑት፣ ጥፋቱ ያለው አንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ እጢ ላይ ነው። እዚያ የበቀለች ትንሽ እባጭ (ቱመር) አድሬናሎቹን "አምርቱ፣ አምርቱ" እያለች ፋታ ትነሳቸዋለች። በቀሩት እባጩ ያለው አድሬናሉ ላይ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ እሱን የምንከፍተው እኛው ነን። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቆዳው። የቡቺ ፀጉር ከጎንና ከጎኑ እኩል እኩል ሳስቶ ነበር። ራሱና እግሮቹ ላይ ግን ደህና ነው። ጭራው የአይጥ ጭራ መስሏል። እህቴ ቁንጫ ነው ብላ አንድ ሻምፖ ገዛች፣ እከክ ነው ብላ ሌላ ደገመች። አንድ ነገር ግን አላስተዋለችም፤ ውሻው አንድም ቀን ሲያክ አላየችውም። ቁንጫና እከክ ያለበት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። ኩሺንግ ብቻውን አያሳክክም። እንዲያውም ትርፉ ኮርቲሶል ራሱ ማሳከክን ያፍናል።

ውሻውን በጀርባው አስተኝታችሁ ሆዱን እዩት። ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ሥሮቹ ከሥር ይታያሉ። በጣት ስትዳስሱት ስስ ወረቀት የነካችሁ ይመስላችኋል። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይኖሩበታል፤ የፀጉር ቀዳዳዎች ተደፍነው ነው። በትንሽ ግጭት ይበልዛል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም። በአንዳንዶቹ ካልሲየም ቆዳቸው ውስጥ ይጠራቀምና ማጅራታቸው ወይም ብብታቸው ላይ እንደ ጠጠር ይሻክራል። የመከላከል አቅሙ ስለደከመ ባክቴሪያ በላይ በላዩ ይመላለስበታል። ያኔ ማሳከክ ሊመጣ ይችላል፤ በሽታውን ከእከክ የሚያምታታውም ይሄ ነው። ልብ የማይባለው ምልክት ግን የተላጨ ቦታ ነው። ለቡቺ ደም ሲወስዱለት ከእግሩ ላይ ላጭተውት ነበር። ከአምስት ወር በኋላም እንደተላጨ ነው።

እርግጥ ፀጉሩ የሳሳ ሁሉ ኩሺንግ የለበትም። የታይሮይድ ማነስም ሳያሳክክ ፀጉርን ከሁለት ጎን ያሳሳል። ያ ውሻ ግን ይወፍራል፣ ይፈዛል እንጂ ውሃ አይጨርስም። ኩሺንግ ያለበት ውሃ አይበቃውም። ሌሊት ለሽንት ይቀሰቅሳችኋል፣ ቤት ውስጥ ያልለመደበትን ይሸናል፣ ሳይሮጥ ያለከልካል፣ ሶፋ ላይ መዝለል ያቅተዋል። ሆዱ የሚነፋውም ጥጋብ ሆኖ አይደለም። የሆድ ጡንቻው ላልቶ፣ ጉበቱ አብጦ፣ ስቡ ወደ ሆዱ ተሰብስቦ ነው።

ጥሙን በግምት አትተዉት፣ ለኩት። ጠዋት በሊትር ለክታችሁ ውሃ ቅዱለት፣ በማግስቱ የተረፈውን ቀንሱ። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ልክ አይደለም። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ሊትር አለፈ ማለት ነው። ስኳር በሽታና የኩላሊት ድካምም ስለሚያስጠሙ መመርመሩ የግድ ነው።

ሐኪሙ ከሚያደርጋቸው ምርመራዎች አንዱ ይገርመኛል። ጥቂት ዴክሳሜታዞን፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ይወጉታል፤ ደሙን ከመርፌው በፊት፣ ከ4 ሰዓትና ከ8 ሰዓት በኋላ ይወስዳሉ። ጤነኛ ሰውነት "በቂ አለን" ብሎ የራሱን ምርት ያቆማል። ኩሺንግ ያለበት የሰማ አይመስልም፣ ማምረቱን ይቀጥላል።

ዴክሳሜታዞን ካልን አይቀር፣ እኛ የምንከፍተው መንገድ ይሄ ነው። ለማሳከክ የሚሰጡ ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ፣ ስቴሮይድ ያለባቸው የጆሮ ጠብታዎችና ቅባቶች ጭምር፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ያንኑ ቦርጭ፣ ያንኑ ስስ ቆዳ ያመጣሉ። ቤት የተረፈ የሰው ቅባት ውሻ ላይ መቀባት ለዚህ ነው ደስ የማይለኝ፤ ውሻው ይልሰዋል። መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ማቆም ደግሞ የባሰ ነው። አድሬናሎቹ ሥራ ፈተው ተኝተዋል፤ ድንገት ሲቀርባቸው መንቃት ያቅታቸዋል። በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ቡቺ የተሰጠው ትሪሎስታን ነው፤ ኮርቲሶልን እጢው ውስጥ ገና ሲመረት የሚያግድ መድኃኒት። ከምግብ ጋር ይሰጣል፣ መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ ይስተካከላል። አያድንም፣ ይቆጣጠራል። ውሻው ካስመለሰ፣ ከዛለ ወይም ምግብ እንቢ ካለ ኮርቲሶሉ ከልክ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ክኒን ሳይሰጡ ወዲያው ሐኪም መጥራት ነው። ሆዳሙ ቡቺ ሳህኑን ትቶ ቢሄድ እህቴ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቅም።

ውሃ መጠጣቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀነሰ። ፀጉሩ ግን ወራት ፈጀ። መጀመሪያ እንዲያውም ብሶበት ነበር፤ አሮጌው ረግፎ ነው አዲሱ የሚወጣው። የበቀለውም ከድሮው ጠቆር ብሎ መጣ፤ ይሄም ያጋጥማል። ባለፈው በቪዲዮ ስንደውል እናቴ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችውና፣ "ያኛውን የት አደረሳችሁት?" አለች።