«ራናጌት» ማን ነው?

የቆየ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስታነቡ «ራናጌት» የሚል ቃል ሊገጥማችሁ ይችላል። «ራን» መሮጥ፣ «ጌት» በር ስለሆነ በር ጥሶ የሮጠ ሰው ይመስላል። አይደለም። ሥሩ የላቲኑ «ሬኔጋቱስ» ነው፤ ሃይማኖቱን የካደ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ቃሉ ባዕድ ሲሆንባቸው ጆሯቸው ወደለመደው «ራን» አስጠጉት፤ ድምፁ ሲለወጥ ትርጉሙም አብሮ ሄደ። ከሃዲው ኮብላይ ሆነ፤ ኮብላዩ ደግሞ ውሎ አድሮ ቤትና ጌታ የሌለው ተንከራታች።

ግራ የሚያጋባው መዝሙር 68፥6 ነው (በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር 67)። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የቆየው የጸሎት መጽሐፍ «ራናጌቶች» ሲል፣ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም እዚያው ቦታ «ዓመፀኞች» ይላል። እዚህ ላይ «ዘላን» ብሎ መተርጎም ትልቅ ስሕተት ነው። ዘላን ከብቱን ይዞ ግጦሽና ውኃ ተከትሎ የሚኖር ሰው እንጂ ከማንም አልኮበለለም! ለእኔ የሚቀርበው የእኛው «ኮብላይ» ነው፤ ጥሎ መሄዱንም መንከራተቱንም ይይዛል።

ዛሬም የሚሠራበት «ሬኔጌድ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው። በስፓኝኛ በኩል ስለገባ የከሃዲነት ትርጉሙን እንደያዘ ቀርቷል።